ጓሳ ላይ የቆመው ቤት

በዚያ ዓመት ብርድና ሙቀት አይለየኝም ነበር። ይህን የምላችሁ ለማማረር አይደለም፤ የዚያን ቀን የሆነውን ሁሉ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እንዳየሁት አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ደምሴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ከደሴ ሚሌ፣ ከሚሌ ደሴ ጭነት ያመላልሳል። ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችን። ክረምቱ ወጥቶ አንደኛ ክፍል እስክትገባ ስትጠብቅ ማጅራት ገትር ያዛት። ጠዋት ታማ ማታ ሞተች፤ በማግስቱ ተቀበረች። ደምሴ በረሃ ነበር። ሞባይል ከከተማ ሲወጡ የሚጠፋበት ጊዜ ስለሆነ መርዶው ዘግይቶ ደረሰው። እሱ ሲመጣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ቀባሪው ታጥቧል፣ ንፍሮው ተቀምሷል።

ስለዚያች ቀን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ለቅሶ ደራሹ ሲያልቅ ሁለታችን ቤት ውስጥ ቀረን። መኪናውን ለባለንብረቱ አስረከበና ጎሚስታ ቤት ገባ፤ ሌላው የሚነዳውን መኪና ጎማ ይነፋል፣ ይለጥፋል፣ ማታ እጁን በኦሞ ታጥቦ ይተኛል። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። እኔም ክፍል እየገባሁ አስተምር ነበር። ልጆቹ ተከትለውኝ ሲያነቡ ድምፃቸው ከሌላ ግቢ የሚመጣ ይመስለኛል። አላለቀስኩም። የሰፈር ሴቶች «እንባዋ ደረቀ» ይሉ ነበር፤ ሲሉ እሰማቸዋለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ «እናቴ ጋ ልሄድ ነው» አልኩት። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ገብቶታል። መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ ነው አልኩት። «እሸኝሻለሁ» አለ። ለመለያየት የተነጋገርነው ይህችን ብቻ ነው፤ ሽማግሌም አልተቀመጠ፣ ክፉ ቃልም አልወጣ።

የእናቴ አገር ጓሳን ተሻግሮ ወደ ግሼ መውረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ መሐል ሜዳ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና በዕድል ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋቱ ቅጥቅጥ ተሳፈርን። ከተርማበር ተገንጥለን መዘዞን እንዳለፍን የመኪናው ባሌስትራ ተሰበረ። ሰዉ እያጉረመረመ ወረደ። ደምሴ ከሥሩ ገብቶ አየና ሱሪውን እያራገፈ ወጣ። ዛሬ እንደማይንቀሳቀስ ነገረኝ። እሺ ብዬ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ «እዚሁ እንደር» ቢለኝም እሺ ነበር የምለው።

ፀሐይዋ ከረር ስትል ከኋላችን አንድ መኪና መጣ። ቁመቱ የጭነት መኪና ያህላል፤ ጭነቱ ግን ቤት ነው። መስኮት አለው፣ መስኮቱ መጋረጃ አለው፣ በጎኑ በር፣ ከበሩ ሥር የሚታጠፍ ደረጃ። ተሳፋሪው ሁሉ ከቦ ያይ ጀመር። አንድ ሽማግሌ «ቤታቸውን ተሸክመው ነው እንዴ አገር የሚያዩት?» አሉ። 

ነጭ ጢም ያላቸው ረጅም ፈረንጅ ካርታ ይዘው ወረዱ። እንግሊዝኛ የሚችል ሲፈለግ ወደ እኔ ተጠቆመ። ከጀርመን ነው የመጡት፤ ስማቸው ሃንስ ነው፤ ባለቤታቸው ማርታ ይባላሉ። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው ይህን መኪና ገዙ፤ በግብፅና በሱዳን በኩል እየነዱ ገቡ። አሁን ጓሳ ወጥተው ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋሉ። መንገዱ የእናቴ አገር መንገድ መሆኑን ስነግራቸው ሴትየዋ በመስኮት ብቅ ብለው፣ እንግዲያው መንገድ እያሳያችሁን አብረን እንሂድ አሉ። 

ደምሴ ከፊት ከሰውየው ጎን ተቀመጠ። እኔ ከማርታ ጋር ከኋላ ከቤቱ ገባሁ። በሾፌሩ ክፍልና በቤቱ መካከል ጠባብ መስኮት ስላለች የሁለቱ ማጅራት ይታየኛል።

ቤቱ እውነተኛ ቤት ነበር። በስተኋላ የተነጠፈ አልጋ፣ ምድጃ፣ ውኃ የሚወርድበት ሳህን ማጠቢያ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ እንዳይወድቁ በመንጠቆ የተንጠለጠሉ ኩባያዎች። ማርታ እያንዳንዱን እየከፈቱ አሳዩኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እገረም ነበር። ያን ቀን አንገቴን እየነቀነቅሁ ብቻ አየሁ።

ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝ። «የለኝም» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። እንዲህ ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ደምሴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ «ኖ» የሚለውን ግን ማንም ያውቃል። በመስኮቷ ሳየው አንገቱ ቀጥ አለ። አልዞረም። ማርታ ትንሽ አዩኝና ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት።

መሐል ሜዳ ደርሰን ዳቦና ውኃ ለመግዛት ቆምን። ሃንስ አልወረዱም። ደምሴ ጠጋ አለኝና «ሰውየው ደህና አይደሉም፤ ማርሽ ሲቀይሩ እጃቸው ይስታል፤ ትንፋሻቸውም ያጥራል። ለሴትየዋ ንገሪያቸው» አለኝ። ነገርኳቸው። ማርታ ሄደው በጀርመንኛ አነጋገሯቸው፤ ሃንስ እየሳቁ እጃቸውን አወናጨፉ። ማርታ ሲመለሱ ልባቸው ከታመመ መቆየቱን፣ ሐኪሙም ከቤትህ አትውጣ ብሏቸው እንደነበር አጫወቱኝ። «የትኛው ቤቴ? ብሎ መለሰለት» አሉኝ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ማርታ «እኔ ልንዳ» ቢሉም ሃንስ እምቢ አሉ። ዳገቱን ወጣን። ጓሳ ላይ ስትወጡ ማሳው ያልቅና ሣሩ ይጀምራል፤ ከሣሩ መካከል ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ማርታ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አውጥተው በመስኮት ቀበሮ ይፈልጋሉ። ብዙም ሳንሄድ ከገደሉ በኩል ጉም ተነሣና ሸፈነን። በመጀመሪያ ጅብራው ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ። መኪናው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄዶ ወደ ግራ ዳር ያዘና ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ጉሙ እስኪገልጥ ሊጠብቁ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ደምሴ ጠራኝ። አልጮኸም። «ሴትየዋን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ሃንስ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ግማሽ ክፍት ነው። ማርታ ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አግዙኝ አሉን። ደምሴ በብብታቸው፣ እኔ በእግራቸው ይዘን አወጣናቸውና በጎን በኩል ባለው በር አስገብተን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ጫማቸው ይከብድ ነበር። ማርታ ደረታቸውን እየተጫኑ፣ ሲደክማቸው ደምሴን እያሳዩ፣ እሱም እየተጫነ ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ ማርታ እጃቸውን በደምሴ እጅ ላይ ጫን አድርገው አስቆሙት።

እኔ ከምድጃው ጋር ተደግፌ ቆሜ ነበር። የሞተ ሰው አየሁ፤ ባል የሞተባት ሴት አየሁ። ውስጤን ፈለግሁት፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ የመጣብኝ ሐሳብ ኩባያዎቹ አሁንም እየተወዛወዙ መሆናቸው ብቻ ነው።

ደምሴ ወደ መሐል ሜዳ መመለስ አለብን አለኝ። ግን ከፊታችን አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያለው አይታይም፤ መንገዱም በአንድ ወገን ገደል ነው። ለማርታ ስነግራቸው ምንም አልቸኮሉም። የባላቸውን መነጽር አወለቁ፣ ጢማቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠረጉ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። የሚሰማው ጤዛው ከጣሪያው ሲንጠባጠብ ነው።

ከጉሙ ውስጥ የበቅሎ ኮቴ ሰማን። ካባቸው ላይ በርኖስ የደረቡ ቄስ ነበሩ፤ ከተዝካር እየተመለሱ ነው። መኪናውን ሊነኩ ደርሰው ነው ያዩት። «ጤና ይስጥልኝ፤ ምን ገጠማችሁ ልጆቼ?» አሉ። ደምሴ የሆነውን ነገራቸው። ቄሱ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ «ክርስቲያን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። 

ማርታን የባላቸውን የክርስትና ስም ጠየቅኋቸው። ሃንስ ማለት የዮሐንስ ማቆላመጫ ነው አሉኝ። ይህንኑ ስነግራቸው ቄሱ ወረዱ። «ዮሐንስ ካላችሁኝ ይበቃል፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቀዋል» አሉና ታጣፊውን ደረጃ በጥንቃቄ ረግጠው ገቡ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው በግዕዝ ደገሙ፤ በመጨረሻ አቡነ ዘበሰማያት ሲሉ ደምሴም አብሮ አለ። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ማርታ ቆመው ሰሙ። ቄሱ ማርታን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው፤ ተረጎምኩ። ከቆላው በኩል ነፋስ ሲነሣ ጉሙ ይገፈፋል ብለውን ሄዱ።

ማርታ ያን ጊዜ ወደ ደምሴ ዞሩ። እኔን ሳይሆን እሱን እያዩ ነው የተናገሩት፤ እኔ መሐል ሆኜ ተረጎምኩ።

«እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ አንተ ከጎኑ ነበርክ። ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ። ምንም አታስቀር።»

ደምሴ ኮፍያውን አወለቀ። ከየት እንደሚጀምር ጨንቆት ነበር። ማርታ ጠበቁት። ከዚያ ከመሐል ሜዳ መውጫ ጀመረ። ዳገቱ ላይ ግንባራቸው እንዳላባቸው፣ መሐረብ እንዳቀበላቸው፣ ሣሩን ሲያዩ በጣታቸው እያሳዩት አንድ ነገር እንዳሉ፣ ደስ ብሏቸው እንደነበር ነገራቸው። ጉሙ ሲመጣ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። «ቀኙ ገደል ነበር» አለ ደምሴ። «እሳቸው የመጣባቸውን አውቀውታል። መጀመሪያ ወደ ግራ አወጡን። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ቀጥሎ ሞተሩን አጠፉ። ሾፌር ነኝ፤ ያን ሁሉ በተራው መሥራት በደህናውም ጊዜ ይረሳል። ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።»

«አንድ ነገር ብሏል?» አሉ ማርታ።

«አንዲት ቃል። ቋንቋውን አላውቀውም። ‹ሙደ› የምትል ትመስላለች።»

ማርታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ደክሞኛል ማለት ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ስሜን ጠርቷል?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ስተረጉም ደምሴ ወለሉን አየ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ «ጠርተዋል» ቢል ኖሮ በደስታ እተረጉመው ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ማንም አይጎዳባትም። «አልጠሩም» አለ። እንዳለው ተረጎምኩ። ማርታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያዘኑ አልመሰለኝም። የባላቸውን እጅ ያዙና ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቁም።

ነፋሱ ተነሣ። መንገዱ ሲገለጥ ማርታ ቁልፉን ለደምሴ ዘረጉለት፤ እሳቸው ከባላቸው ጋር ከኋላ መሆን ፈልገዋል። ደምሴ ቁልፉን ትንሽ አየው። ከዚያ ተቀበለና ወጣ። እኔም ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። መቀመጫውን ወደ ፊት ሳበ፣ መስተዋቱን አስተካከለ፣ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ ሞከረ። መኪናውን እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ አዞረውና በአንደኛ ማርሽ ቁልቁል ጀመርን።

ሣሩ ማለቅ ሲጀምር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «የእኔዋስ?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሳይጠይቀኝ የቆየው ይህ ነበር። ሳልነግረው የቆየሁትም ይህ ነበር። የልጃችን የመጨረሻ ቀን እኔ ዘንድ ብቻ ነበረች፤ ማን እንደሚቀበለኝ ሳላውቅ ይዣት ነበር።

እኔም ከጠዋቱ ጀመርኩ። ራሴን አመመኝ ብላ እንደነቃች፣ ቁርሷን እንዳልበላች፣ ልብሷን ሳለብሳት አንገቷ አልታጠፍ እንዳለኝ ነገርኩት። በጀርባዬ አዝዬ ጤና ጣቢያ ስሄድ ክብደቷ እንዴት እንደነበር፤ ትልቅ ልጅ ስለሆነች እግሯ ከቀሚሴ ጋር እየተጋጨ እንደነበር። ነርሷ ወደ ሆስፒታል እንዳስተላለፈችን፤ በጋሪ እንደሄድን። ጋሪው ላይ «ፈረሱ ደክሞታል?» ብላ እንደጠየቀችኝ። እሱ «እሺ» ይላል፤ እኔ እቀጥላለሁ። ድምፄ ጠፍጣፋ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ምንባብ ሳነብ የማወጣው ድምፅ።

«ከሰዓት በኋላ» አልኩት «ዓይኗን ገልጣ ነበር። ክፍሉ ፀሐይ ገብቶበታል። ‹እማዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?› አለችኝ።»

ፍሬን ያዘ። መኪናው ቀስ ብሎ ቆመ።

«ምን አልሻት?» አለኝ።

«ሄዷል፣ አሁን ይመጣል አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሲመሽ ሞተች። እጇን ይዤ ነበር።»

«ጠርታኛለች?»

ቅድም እሱ ወለሉን ሲያይ ትዝ አለኝ። «አልጠራችህም» አልኩት። «እኔንም አልጠራችኝም።»

መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በዚያ ሁሉ ወራት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ አላለቀስኩም። እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁት፤ ሸሚዙ ረጥቦ ነበር፤ ቀዝቃዛ መሆኑ ተሰማኝ። ቀዝቃዛ መሆኑ የተሰማኝ መሆኑን ልብ አልኩ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ማርሽ አስገባ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ጤና ጣቢያና ፖሊስ የሚጠይቁትን ጠየቁ፤ እኔ እየተረጎምኩ መለስን። በማግስቱ ማለዳ ደምሴ መኪናውን እየነዳ ሦስታችንም ሃንስን ይዘን አዲስ አበባ ገባን። በደብረ ብርሃን ስናልፍ ቤታችን ወዳለበት በኩል እያየሁ አለፍኩ። የኤምባሲያቸው ሰዎች ከተረከቧቸው በኋላ ማርታ ሁለታችንንም አቅፈው ተሰናበቱን። ደምሴን ግን እንደገና ጠሩት። ያችን ቃል አንድ ጊዜ እንዲላት ለመኑት። እሱም እንደሰማት አድርጎ አላት። ማርታ አመስግነው ገቡ።

እንደ ድሮው ሆንን ብዬ አልዋሻችሁም። በሳምንቱ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ደምሴ በየጊዜው በሰው በሰው መልእክት ይልክ ነበር፤ መልእክቱ ሁሉ ጥያቄ ነው። በጋሪው ላይ ብርድ ልብስ ነበራት? ሐኪሙ ወንድ ነው ሴት? እናቴ መልእክተኛውን ስታስገባ «ይህ ሰው ምን ሆነ?» ትለኝ ነበር። መልሱ በሰው አፍ የማይላክ ጥያቄ ሲበዛ፣ መስከረም ላይ ራሴ ልመልስለት ተመለስኩ። እሱም የሰው አይሱዙ ይዞ መንገድ ጀመረ። ሌላ ልጅ አልወለድንም። አብረን ነን።

ይህን የጻፍኩላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ከእናንተ መካከል ሰው ሲሞት አጠገቡ የነበራችሁ ትኖራላችሁ፤ ሳይደርስ የቀረም ሰው ይኖራል። ያልደረሰው የማይጠይቃችሁ ማወቅ ስለማይፈልግ አይምሰላችሁ። እናንተም ዝም የምትሉት እሱን ለማትረፍ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። እኔ የዚያን ቀን ያየሁት፣ አንዲት ባዕድ ሴት በማታውቀው አገር፣ ጉም ውስጥ ቆማ፣ የድርሻዋን ስትጠይቅ ነው። ተሰጣት። የሚያስደስት አልነበረም፤ ግን የእሷ ነበር። አሁን ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞትና ዘግይቶ የሚደርስ ሲኖር፣ ለቅሶው ጋብ ሲል ሄጄ ሟቹ አጠገብ ከነበረችው ሴት ጋር እቀመጣለሁ፤ የነበርሽው አንቺ ከሆንሽ ንገሪው እላታለሁ።

ደምሴ አሁንም ይጠይቀኛል። ዓመታት አልፈው ምንም የቀረ አይመስለኝም፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት እራት በልተን ሳህን ሳነሣ፣ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ካልሲዋን ማን እንዳወለቀላት ጠየቀኝ። አንዱን እኔ አውልቄላት፣ አንዱ ግን እግሯ ላይ እንደነበር ነገርኩት። የትኛው እግሯ እንደሆነ ጠየቀ። «የግራው» አልኩት። «እሺ» አለና ተነሥቶ ሳህኑን ተቀበለኝ።